በቀኝ በኩል ያለችው ዶቃ

ጥር 6

አዲሱ ጥናት ዛሬ ተጀመረ። ምድር ቤት ባለችው ክፍሌ ከጠዋት ጀምሮ አይጥ ስናስገባ አይጥ ስናስወጣ ዋልን። የጥናቱ ባለቤት ዶክተሯ ሁለት ጊዜ ወርደው አዩን። በሁለተኛው ጊዜ ምንም አልተናገሩም፤ እርሳቸው ዝም ካሉ ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱ አይጥ ግራ ሳንባ ሆን ተብሎ ተጎድቷል፤ ቀኙ ጤነኛ ነው። ግማሾቹ አዲሱን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ ባዶ ውሃ። የኔ ሥራ ጠባሳው መጨመሩን ወይም መቀነሱን ከነሕይወታቸው ማየት ነው። ድሮ ቢሆን በየጊዜው ጥቂቶቹን ገድሎ ሳንባቸውን መቁረጥ ነበር። አሁን በጋዝ እናስተኛቸዋለን፣ በማይክሮ ሲቲው እናነሳቸዋለን፣ ቀስቅሰን ወደ ሳጥናቸው እንመልሳቸዋለን። በሌላው ሳምንት ያንኑ አይጥ እንደገና። ማሽኑ ጨረሩን በዙሪያቸው እያዞረ በትንፋሽና በትንፋሽ መሃል ብቻ ፎቶ ያነሳል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፎቶዎቹን ይገጣጥምና ቢላ ሳይነካው አይጡን እንደ ዳቦ ይቆራርጥልኛል። ከአንገት እስከ ሆድ እያንዳንዱን ቁራጭ አያለሁ። አንድም አልዘልም። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም። ትንሽ ለመኩራራትም ነው።

አይጡ የሚተኛባት ትንሽ አልጋ ላይ፣ በቀኝ ጠርዟ፣ አንዲት ዶቃ ለጥፌያለሁ። ከማሽኑ ጋር የመጣች አይደለችም፤ ከአባዬ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ የወሰድኳት ናት። በየቁራጩ ጥግ ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትታያለች። ዶቃዋ ያለችበት ቀኝ ነው፣ አለቀ። በሕንጻው ውስጥ ሲያላግጡብኝ «ባለ ዶቃው» ይሉኛል። ይበሉ።

ቤት ስገባ አባዬ ሲያስል ነበር። የጨርቅ አቧራ ነው አለ።

ጥር 8

ሦስት አይጦች ዘግይተው ነቁ። ማሞቂያው ደክሟል። አንዷን መዳፌ ላይ አድርጌ አሞቅኳት። ነቃች፣ ነከሰችኝ። ምስጋናዋ ነው።

ጥር 11

የእንስሳት ሐኪማችንን «ድመቱ» ነው የምንለው። በዓለም ላይ እንደ እርሱ አይጥ የሚወድ ሰው አላየሁም፤ ስሙም የወጣለት ለዚያ ነው። ዛሬ እያስተኛቸው «በል እስቲ፣ አባትህ እንዴት ናቸው?» አለኝ። ደህና ነው አልኩት። «ባለፈው በር ላይ አይቻቸው ነበር፣ ከሱብኝ።» ሁልጊዜም ቀጭን ነው አልኩት።

እውነትም ነው። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልብስ ሰፊ ወፍራም አይሆንም፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ምግብ ይረሳል። የሳሎኑን ግማሽ በስፌት መኪናውና በቁርጥራጭ ጨርቅ ይዞብኛል። ከእኔ ጋር መኖር የጀመረው እናቴ ካለፈች በኋላ ነው። ዛሬ የራሱን ሱሪ ወገብ ሲያጠብብ አገኘሁት። ሥራ እንዳይፈታ ብሎ መሆን አለበት።

ጥር 14

ታላቋ እህቴ አባዬን አስገድዳ ሆስፒታል ወሰደችው። ሲቲ ስካን ተነሣ። ውጤቱን የሚያነብላቸው ሐኪም ወረፋ ስላለበት በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ ተብለዋል። ምስሉን ግን በሲዲ ሰጥተዋቸዋል። አባዬ ሲዲውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ መቀሱ አጠገብ አኖረው።

«ያው ያንተ ሥራ አይደለ? እየውና ንገረኝ።»

«የኔ ሥራ አይጥ ነው አባዬ።»

«እኔስ ምን ተረፈኝ» አለ። ሳቅን።

ዛሬ አላየሁትም። ደክሞኝ ነበር።

ጥር 16

ዛሬም አልሆነም። እህቴ ደወለች። ነገ አልኳት።

ጥር 17፣ ማታ

አየሁት።

አባዬ በወጣትነቱ ሳንባውን ታሞ ነበር፤ ያኔ በቀኝ ሳንባው ላይ ጠባሳ ቀርቷል ተብሎ ነበር። በቤታችን የታወቀ ነገር ነው። ልጅ ሆነን እንኳ ደረቱ ላይ ስንወጣ «ቀኙን ተዉልኝ» ይለን ነበር።

ምስሉን ስከፍተው ተዘቅዝቆ መጣ፤ አከርካሪው ከታች፣ ደረቱ ከላይ። ሰው በጀርባው ተኝቶ ነው የሚነሣው፣ የኔዎቹ በሆዳቸው። በአንዲት ቁልፍ ገለበጥኩት። አከርካሪው ወደ ላይ ወጣልኝ፤ ዐይኔ የለመደው ዓይነት ምስል ሆነ። ጥግ ላይ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች አጠፋኋቸው፣ ሁልጊዜም ያስጠሉኛል። ከአንገት ጀምሬ ትንሽ ወረድ እንዳልኩ በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ ነጣ ያለች ነገር አለች። ጠባሳዋ። እዚያው የተባለችበት ቦታ።

ራት ቀርቦ ስለነበር እዚያው ዘጋሁት።

«የድሮዋ ናት» አልኩት። አባዬ «ነግሬያችሁ የለ» አለና ወጡን ወደኔ ገፋ አደረገልኝ። ከመኪናው ጎን ተሰቅሎ የነበረ የደንበኛ ኮት ላይ ያለውን ክር በጥርሱ በጠሰ። ደስ ብሎት ነበር፣ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ለእህቴ ደወልኩላት። «እርግጠኛ ነህ?» አለች። ሥራዬ ነው አልኳት።

ጥር 22

የቀጠሮው ቀን ዛሬ ነበር። አባዬ አልሄደም። የሚያስረክበው ኮት አለበት። ደግሞም «ልጄ አይቶታል፤ ሌላ ሰው ለምን አደክማለሁ?» ይላል። እህቴ ተናድዳ በስልክ ጮኸችብኝ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚባለው።»

«የሚቃጠል ነገር ቢኖር እኮ አየው ነበር እታለም።»

ዘጋችብኝ። ከሆስፒታሉ ደውለው ይሆናል፤ አባዬ ስልኩን ሲሰፋ ያጠፋዋል፣ ሲያበራውም የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም።

ጥር 25

አይጥ። አይጥ። አይጥ። ክፍሌ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ማታ ሹራቤን ሳወልቅ እንኳ ይሸተኛል።

ጥር 29

ጠባሳቸው የባሰባቸው አይጦች በሆዳቸው ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ዛሬ አንዱ ከማሽኑ ሳይወጣ ሞተ። ድመቱ በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደው።

ማታ አባዬ ሲያስል ነቃሁ። ሳላስበው ትንፋሹን መቁጠር ጀመርኩ፣ የሥራ ልማድ ነው። ከዚያ ተውኩት። ሰው የሚተነፍሰው ከአይጥ በብዙ ዝግ ብሎ ነው፤ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ እኔ አላውቅም።

የካቲት 1

ድመቱ ሐሳብ አመጣ፦ በጀርባቸው እናስተኛቸው። ሞከርነው፣ ትንፋሻቸው ተስተካከለ። እኔ ግን ሁሉም ነገር ተገላበጠብኝ። አይጡ በሆዱ ሲተኛ በቀኙ የነበረው የአልጋው ጠርዝ፣ በጀርባው ሲሆን በግራው ይሆናል። ስለዚህ ዶቃዋን ነቅዬ ወደ ሌላው ጠርዝ አዛወርኳት። ድመቱ እያየ ይስቅብኛል።

«አልጋው ያው፣ አይጡ ያው፣ ዶቃዋን ምን አስሄዳት?»

«ዶቃዋ የአይጡ እንጂ የአልጋው አይደለችም።»

«አንተን ያላገባች ሴት ተገላገለች» አለኝ። አላገባሁም። ለዚያ ነው ያለው።

ምስሎቹ ካሁን በኋላ አከርካሪያቸው ከታች ሆኖ እንደሚወጣ ለዶክተሯ በቃል ነገርኳቸው። እሺ እሺ አሉ፣ ስልክ ላይ ነበሩ።

የካቲት 5

አባዬ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ አረፍ አለ። ጎረቤታችን ከላይ ሲወርድ ሲያየው፣ የደረጃውን ግድግዳ ቀለም የሚመረምር መሰለ። «ይኼ ግድግዳ ተልጧል» አለው። ጎረቤቱም አብሮ ግድግዳውን አየ። እኔ ከታች ነበርኩ።

አንድ ቀሚስ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀበት። ዐይኑ ነው ይላል። መነጽሩን ላስቀይርለት።

የካቲት 9፣ ማታ

ይህችን ቀን በደንብ ልጻፋት፣ ሥራዬን የሠራሁባት ቀን ናት።

ዶክተሯ ደውለው «እስቲ አንዴ ወደ ላይ ብቅ በል» አሉኝ። ድምፃቸው የረጋ ነበር፤ ሲናደዱ ነው የሚረጋው። ኮምፒውተራቸው ላይ መድኃኒቱን የወሰዱትን አይጦች ምስሎች ብቻ ደርድረዋል።

«እየው። መድኃኒቱን የወሰዱት ሁሉ ግራ ሳንባቸው ንጹሕ ሆኗል፣ ቀኙ ተበላሽቷል። ጤነኛውን ሳንባ እየገደልን ነው እንዴ?»

አየሁት። አከርካሪው ከላይ ነው። ከኔ ክፍል ሲወጣ ግን ከታች ነበር።

«ይህን ማን አስተካከለው?»

«እኔ ነኛ። ተዘቅዝቆ መጣብኝ፣ ገለበጥኩት።»

«ዶቃዋስ?»

«ጥጉን ቆርጬ ጣልኩት። ለስብሰባ ማሳያ ነው፤ እርሷ ምን ታደርግልኛለች?»

ውስጤ ሳቀ። ፊቴ አልሳቀም። ቦርሳቸው ውስጥ መስተዋት ካለ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ግራ ገብቷቸው ሰጡኝ። ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አዙሬ ጣቶቼን ወደ እርሳቸው አደረግኩ። «ይኼ አሁንም ቀኝ እጅ ነው፣ አይደል?» ነው አሉ። ከዚያ እጄን እንደነበረ መልሼ መስተዋቱን ጣቶቼ ጫፍ ላይ አቆምኩት። መስተዋቱ ውስጥ ያለው እጅም ጣቶቹ ወደኔ ዞረዋል፤ ግን የግራ እጅ ነው። ማዞርና መገልበጥ አንድ አይደለም። ምስሉን ማዞር ነበረብዎ፣ እርስዎ ግን ገለበጡት፤ ስለዚህ ቀኝና ግራው ተቀያየረ። የዳነ የመሰልዎት ሳንባ መጀመሪያም ያልታመመው ነው አልኳቸው።

ይህን ያወቅኩት ከትምህርት ቤት አይደለም። አባዬ ነው ያስተማረኝ። ለእጅጌ የቆረጥከውን ጨርቅ ብታዞረው ያው እጅጌ ነው፤ ብትገለብጠው የሌላኛው ክንድ ይሆናል። አንድ ጊዜ በወጣትነቱ ለአንድ መምህር ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ኮት ቆርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀኙ ቁራጭ ላይ ሁሉ በደረቀ ሳሙና መስመር ያደርጋል። ዶቃዋም የመጣችው ከዚያ ነው፣ እርሱ ባያውቅም።

ዶክተሯ ወንበራቸው ላይ ለጠጥ አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ሳቁ።

«እንኳንም አይጦች ሆኑ» አሉ። «ሰው ቢሆን ጉዳችን ፈልቶ ነበር።»

እኔም ሳቅኩ። ወደ ክፍሌ ስወርድ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወረድኩ።

የካቲት 10

ብዙ አይጥ። ሁሉም ነቁ።

የካቲት 11

ሲዲው የት እንደገባ አላውቅም። ሰሞኑን ቤቱ ተዝረክርኳል።

የካቲት 12

መሳቢያ ውስጥ ነው። ትናንትም አውቅ ነበር።

የካቲት 13

ድመቱ ዛሬ ቀደም ብሎ መሄድ አለብኝ አለ። ቤቱ ያለች ውሻ ታማበታለች፤ ሳምንት ሙሉ ምግብ እንቢ ብላ ልጆቹ ናቸው የነገሩት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ» እያለ ጋዋኑን አወለቀ። ለራሱ ነው ያለው። እኔን አላየኝም እንኳ።

አባዬ ሱሪውን ደግሞ አጠበበው። በድሮው ስፌት ላይ አዲስ ስፌት። እንዴት እንዳማረ ለማሳየት ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረገልኝ። ያምራል አልኩት።

የካቲት 14፣ ማታ

አባዬ ከተኛ በኋላ ከፈትኩት።

ቀኝና ግራን የሚያመለክቱትን ፊደላት አላጠፋሁም። ምስሉን አዞርኩት፣ አልገለበጥኩትም። ከአንገት ጀመርኩ። ያቺ ነጣ ያለች ነገር አለች፣ ከላይ፣ በግራ። ዳር ዳሯ እንደ ሥር ተሠራጭቷል። መውረድ ቀጠልኩ። በጣም ወረድ ብሎ በቀኝ በኩል፣ ጥር ላይ ያልደረስኩበት ቁራጭ ላይ፣ የድሮዋ ጠባሳ አለች። ትንሽ ናት፣ ደርቃ እንደ ጠጠር ሆናለች። በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ያልጎዳችው። ከዚያ ወደ ሆዱ ወረድኩ። ጉበቱ በቀኝ ነው። ያኔ እስከ ጉበቱ ብወርድ ኖሮ ጉበቱ በግራ ሆኖ ባየሁት ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም ይነቃል፣ ባለ ዶቃው ቀርቶ ልጅም ይነቃል።

ጥር 17 ላይ ራት ቀርቦ ስለነበር ዘጋሁት ብዬ ጽፌያለሁ። ራት ገና አልቀረበም ነበር። አባዬ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር፣ ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ፈርቻለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የካቲት 15

ለእህቴ ነገርኳት። እንደምትጮህ ጠብቄ ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አራቅኩት። አልጮኸችም።

«አሁን ለአባዬ ማን ይነግረዋል?» አለች። «እኔ ልንገረው?»

«አይ፣ እኔ ነኝ።»

«እውነቱን ንገረው። ሐኪሙ ነው የተሳሳተው እንዳትል።»

እንደዚያ ልል እንደነበር በምን አወቀች።

የካቲት 16

አባዬ እጅጌ እየገጠመ ነበር። መኪናውን እስኪያቆም ጠበቅኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት የተቆረጡ እጅጌዎች አንዱን አነሣሁ፣ ሳሙና የተሠመረበትን። አዞርኩት። ከዚያ ገለበጥኩት። «ምስልህን እንዲህ አደረግኩት አባዬ» አልኩት። «እንዲህ ማድረግ ሲገባኝ። የድሮዋ አይደለችም። በግራ በኩል ነው፣ አዲስ ነው።»

እጅጌውን ከእጄ ወሰደና እንደነበረ መልሶ አኖረው።

«አውቄያለሁ» አለ።

«ምን አወቅክ?»

«ፎቶ ያነሣችኝን ልጅ፣ በማሽኑ ክፍል መስኮት በኩል ፊቷን አየሁት። እኔ ሰው ስለካ እኮ ሜትሩን ብቻ አይደለም የማየው። እየሳቁ በውስጣቸው የሚያለቅሱ ፊቶች አውቃለሁ። ከማሽኑ ስነሣ ጫማዬን ጎንበስ ብላ አደረገችልኝ። ለጤነኛ ሰው ማን ጫማ ያደርጋል?»

«ታዲያ ለምን ወደ ቀጠሮህ አልሄድክም? ለምን ለኔ ሰጠኸኝ?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሰፊ ሆኖ ታየኝ ሸሚዙ፣ በእርሱ ላይ።

«ሐኪሙ ስለማይወደኝ እውነቱን ይነግረኛላ። አንተ ግን ትወደኛለህ።»

የተሳሳትኩት ቁልፍ ስለተሳሳትኩ ነው ልለው ፈለግኩ፤ ስለምወደው አይደለም። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን አሁንም ስጽፈው እርግጠኛ አይደለሁም። አባዬ ነገ እንሄዳለን አለ፣ እኔ ሳልጠይቀው። መኪናውን እንደገና አስነሣና እጅጌውን ጨረሰ።

የካቲት 21

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከኔ ያንሳል። አዲስ ምስል አስነሥቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው፤ እኔ በየሳምንቱ ለአይጦች የማደርገው ያው ነገር ነው። ልዩነቱን እርሱ ሳይናገር አየሁት።

«በመጀመሪያው ጊዜ ቢሆን የላይኛውን ክፍል ብቻ አውጥተን እንገላገል ነበር። አሁን ወደ መሃሉ ተጠግቷል። ግራውን በሙሉ ማውጣት ግድ ነው፤ በቀኙ ይተነፍሳሉ። ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም፣ እርሱ ጥሩ ነው። ለምን ዘገያችሁ?»

እህቴ መሬት አየች። አባዬ መስኮት አየ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ምስሉን ገልብጬ አነበብኩት።» ሥራዬን ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ እንዲሰድበኝም ፈለግኩ።

«ቤተሰብ የቤተሰቡን ምስል እንዲያነብ አንመክርም» አለና የቀጠሮ ቀን መፈለግ ጀመረ። በቃ ይኸው ነው።

ስንወጣ አባዬ የሐኪሙን ጋዋን ትከሻ ነካ አድርጎ «ይኼ ትከሻ ሰፍቶብሃል፣ አምጣልኝና ላስተካክልልህ» አለው። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

የካቲት 25

ዶክተሯ ትክክለኛውን ምስል ስብሰባው ላይ አቀረቡ። መድኃኒቱ ትንሽ ይሠራል። ትንሽ ብቻ። ዶቃዋ ሳትቆረጥ እንድትታይ አድርገዋል፤ ከተሰብሳቢው አንዱ ይህች ነጥብ ምንድን ናት ብሎ ጠይቆ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። «አመሰግናለሁ፣ አንተ ባትኖር ኖሮ ተዋርደን ነበር» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

መጋቢት 2

ዛሬ ጠዋት። የሆስፒታሉ አልጋ ላይ፣ በዚያ ከኋላ በሚታሰር ልብስ። አባዬ ስፌቱን እየፈተሸ ነበር። «ይህን የሰፋው ሰው እግዜር ይየው» አለ።

ቀዶ ሐኪሙ መጣና በወፍራም ብዕር ደረቱ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ምልክት አደረገ። ደንብ ነው። ሲሄድ አባዬ ጠራኝ። ጠጋ አልኩ።

«በየት በኩል አደረገው?»

«በግራ።»

«በማን ግራ?»

«ባንተ ግራ አባዬ።»

«እጅህን አኑርበት።»

አኖርኩበት። ምልክቱ ገና አልደረቀም ነበር፤ ቀለሙ መዳፌን ነካው። ደረቱ ከልብሱ ስር ሞቃት ነበር። ከዚያ ሁለት ነርሶች መጡና አልጋውን እየገፉ ወሰዱት፤ በሩ ጋ ሲደርሱ እጁን አወጣና አወዛወዘ፣ ቀኝ እጁን።

እኔና እህቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ቀኑ ረዘመ። እርሷ አንድ ጊዜ እጄን ይዛ መዳፌ ላይ ያለውን ቀለም አየችው። በምራቋ ልታስለቅቀው ሞከረች፣ እንደ ልጅነታችን። ተዪው አልኳት።

መጋቢት 3

ነቅቷል። ያመዋል። አናገረኝ፦ «ውሃ።»

መጋቢት 12

ቤት ገብቷል። ሳሎኑ ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ አልጋ አደረግንለት። ደረጃውን ጎረቤታችንና እኔ ነን ያወጣነው። መሃል ላይ ስናርፍ ጎረቤቱ «ግድግዳው አሁንም አልተቀባም» አለ። አባዬ መሳቅ ጀመረና ስላመመው አቆመ።

ሥራ ቦታ አይጦቹን ሁሉ በጀርባቸው እያስተኛን ነው። የድመቱ ውሻ ድናለች። ዛሬ ዶቃዋ ስትወልቅ ድመቱ ራሱ ከመሬት ለቅሞ ለጠፋት፤ በትክክለኛው ጠርዝ።

መጋቢት 28

የክትትል ምስሉን ዛሬ አነሡት። ውጤቱን የሚያነብ ሐኪም ወረፋ አለበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ ተብለናል። እንመለሳለን። ቀኑን እህቴም እኔም በየስልካችን ላይ ሞልተናል፤ እርሷ ስልኬን ተቀብላ አይታ አረጋግጣለች።

ሲዲውን ግን ሰጥተውናል። አባዬ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ መቀሱ አጠገብ አኖረው። እየው አላለኝም፣ አትየውም አላለኝም። ወደ ምድጃው ሄደ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን እየነካ። ማብሰል ካልከለከላችሁኝ ነው የምድነው ብሎ አስቸግሮናል።

ከፈትኩት። ፊደላቱን ሁሉ ተውኳቸው። አዞርኩት። ግራው ባዶ ነው፤ የነበረው ቦታ ላይ ምንም የለም፣ ልቡም ወደዚያ ዘንበል ማለት ጀምሯል። ከአንገቱ ጀመርኩ፣ በቀኙ። አንድ ቁራጭ፣ ቀጥሎ ሌላ። በእያንዳንዱ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። የድሮዋ ጠባሳ ጋ ደረስኩ። ያችው ናት፣ እዚያው ናት፣ ያው መጠን ናት። አለፍኳት።

«ራት ቀርቧል» አለ አባዬ ከበሩ። እውነትም ቀርቦ ነበር፣ ሽታው ደርሶኛል።

«ይቆየኝ» አልኩት።

ወንበሩን ስቦ ከኋላዬ ሲቀመጥ ሰማሁ። አጭር አጭር ነው የሚተነፍሰው። ገና ጉበቱ ጋ አልደረስኩም ነበር።